የብሮሚሊያድ ክበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ ትንሽ የብሮሚሊያድ አብቃዮች ክበብ አባል ከሆንኩ ወዲህ ዘመዱም ጎረቤቱም እነዚህኑ ጥያቄዎች እየመላለሰ ይጠይቀኛል፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብሮሚሊያድ ምንድን ነው?

አናናስ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ከብሮሚሊያድ ጋር ትተዋወቃላችሁ። አናናስ የዚህ የዕፅዋት ቤተሰብ አባል ነው። ሲዳማ ወይም ጌዴኦ ያደገ ሰው ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ተክሉንም ያውቀዋል። ሌሎቹም መልካቸው ከእሱ ብዙ አይርቅም። ቅጠሎቹ ከመሃል ተነሥተው ዙሪያውን ይዘረጋሉ። ብዙዎቹ ላይ የቅጠሎቹ ሥር እርስ በርሱ ስለሚገጥም መሃሉ እንደ ስኒ ሆኖ ውኃ ይይዛል።

ቤተሰቡ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከአውራ ጣት የማይበልጡ አሉ። ፔሩና ቦሊቪያ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ፑያ ራይሞንዲ ደግሞ አበባውን ሲያወጣ ቁመቱ 10 ሜትር ይደርሳል። ሁሉም የአሜሪካ አህጉር ተወላጆች ናቸው፤ ከአንዱ በስተቀር። ያ አንዱ ምዕራብ አፍሪካ፣ ጊኒ ውስጥ ነው የሚገኘው። ፒትኬርኒያ ፌሊሲያና ይባላል። ይህን የሰማሁ ቀን፣ አልደብቃችሁም፣ ትንሽ ኮራሁ።

ከዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ግራጫ ፀጉር መሳይ ነገርም ብሮሚሊያድ ነው?

ነው። ፍሎሪዳ የመጣ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቲላንድሲያ ኡስኒኦይደስ ሲሆን ትርጉሙ "ኡስኒያን የሚመስል" ነው። ኡስኒያ ደግሞ ስሜን ተራሮች ላይ ከአስታ ዛፍ የሚንጠለጠለው ያ ሽበት መሳይ ነገር ነው። ሁለቱ ዘመድ አይደሉም፤ መልካቸው ብቻ ነው የተገጣጠመው።

ዛፉን ይገድለዋል ወይ ለሚለው፣ አይገድለውም። ተቀጥላ አይደለም። ከዛፉ ምንም አይመጥም፤ ውኃውንም ምግቡንም ከዝናቡና ከአቧራው ነው የሚያገኘው። ዛፉ ለእሱ መቀመጫ ብቻ ነው።

ክበቡስ ምንድን ነው? ዕድር ነው ወይስ ዕቁብ?

እናቴ ናት በስልክ እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ። "ወርኃዊ ስብሰባ አለ፣ መዋጮ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ታዲያ ሰው ሲሞት ይቀብራሉ?" አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። በኋላ ሳስበው ግን ጥያቄው ያን ያህል የሚያስቅ አልነበረም። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ክበቡ ብሮሚሊያድ የሚወዱ የአንድ አካባቢ ሰዎች ማኅበር ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ብዙ ከተሞች የየራሳቸው አላቸው፤ ክበቦቹን የሚያገናኝ የጋራ ምክር ቤትም አለ። ከዚያ በላይ ዓለም አቀፉ የብሮሚሊያድ ማኅበር አለ። በ1950 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው የተመሠረተው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱ ሙልፎርድ ፎስተር ግን የኦርላንዶ ሰው ነበር። ከባለቤቱ ከራሲን ጋር ብራዚል ጫካ ድረስ እየዘለቀ አዳዲስ ዝርያዎች ይዞ ይመለስ ነበር። የእኛ ክበብ ሽማግሌዎች ስለ እሱ ሲያወሩ ትናንት አብሯቸው ቡና የጠጣ ጎረቤት ነው የሚመስለው።

ስብሰባው ላይ ምን ይደረጋል?

እኛ በወር አንዴ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እንሰበሰባለን። መጀመሪያ ምግብ ነው፤ ሁሉም ያቅሙን ይዞ ይመጣል። እኔ አንድ ቀን ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማምጣት ተከልክያለሁ። ቀጥሎ ሰብሳቢዋ ማስታወቂያ ትናገራለች። ገንዘብ ያዡ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለ ያነባል፤ ማንም አይሰማውም። ከዚያ እንግዳ ተናጋሪ ይቀርባል። አንድ ወር ስለ ማዳበሪያ ይሆናል፣ ሌላ ወር ኢኳዶር ተራሮች ላይ ስለታዩ ዝርያዎች።

ለእኔ ዋናው ግን ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ነው። አባላት በዚያ ወር ያማረላቸውን ተክል አምጥተው እዚያ ይደረድራሉ። ከዚያ ተራ በተራ ተነሥተው ያወራሉ። ከማን እንዳገኙት፣ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ የጧት ፀሐይ ነው የከሰዓት የሚያገኘው። አንድ ጡረታ የወጣ መካኒክ አለን፤ ስለ ልጆቹ እንኳ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። መጽሐፍ ስታነቡ "ደማቅ ብርሃን ይፈልጋል" ብሎ ያልፋችኋል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን "ከእናንተ ሰፈር ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ከኦክ ዛፍ በስተ ምሥራቅ አስቀምጬው ነው እንዲህ የቀላው" ትባላላችሁ።

መዋጮው ስንት ነው?

እኛ ጋ በዓመት 20 ዶላር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እንግዳ አይከፍልም። አንድ ያበበ ብሮሚሊያድ ሱቅ ውስጥ ስንት እንደሚሸጥ አይታችሁ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ምንም ሳላውቅ፣ አንድም ተክል ሳይኖረኝ ብሄድስ?

እኔ የሄድኩት የሞተች ተክል በፌስታል ይዤ ነው። ለምን እንደሞተች የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ። ሦስት ሰዎች ከበቧት። አንዲት አዛውንት ከማሰሮዋ ነቅለው ሥሯን አሸተቱና "በስብሳለች። ቀብረሃታል እኮ!" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከግቢ የዛቅኩት ጥቁር አፈር ውስጥ አንገቷ ድረስ ነበር የከተትኳት።

ብሮሚሊያድ እንዲህ አይወድም። ሥሩ አየር ይፈልጋል። የተፈረካከሰ የጥድ ቅርፊትና ፐርላይት የሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠር ተደባልቆ፣ ውኃው ወዲያው የሚያልፍበት ነገር ነው የሚስማማው። የዚያን ዕለት ማታ ሦስት ተክል ታቅፌ ተመለስኩ። አንዱንም አልገዛሁትም።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም። እቸገራለሁ?

የተክሎቹ ስም ላቲን ስለሆነ ሁሉም እየተሰናከለ ነው የሚጠራው። አንዱኑ ተክል "ኤክሚያ" የሚል አለ፣ "አክሚያ" የሚል አለ፤ ማንም ማንንም አያርምም። ከስፓኒሽ ሌላ ብዙም የማይናገሩ የኩባ እናት አሉን። በእጃቸው እያሳዩ ከማንም በላይ ያስተምራሉ።

ሰዎቹ ለምን ተክል በነፃ ይሰጣሉ? ምን ፈልገው ነው?

ምስጢሩ ተክሉ ላይ ነው። እንሰት የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እንሰት አንዴ አብቦ ይሞታል። የሙዝ ግንድም አንዴ ካፈራ አበቃለት፤ ከሥሩ የወጡት ልጆች ይተኩታል። ብሮሚሊያድም እንዲሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ተክል በዕድሜው አንዴ ያብባል። አበባው ወራት ሊቆይ ይችላል። ከዚያ እናቲቱ ቀስ እያለች ትሞታለች። እስከዚያው ግን ከሥሯ ልጆች ታወጣለች፤ አንዷ ሁለት፣ አንዷ አምስት።

እንግዲህ ዘንድሮ 20 ተክል ያለው ሰው ከዓመት በኋላ 50 ሊኖረው ነው። ግቢው አይለጠጥ። ሚስቱ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ስለዚህ በፌስታል እየቋጠረ ስብሰባ ይዞ ይመጣል። ደግነት ነው? አዎ። የቦታ ጥበትም ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። የእኔን ውርጭ ቢጨርስብኝ፣ ለጓደኛዬ የሰጠኋት ልጅ ተመልሳ ትመጣልኛለች። ሰብሳቢያችን ቢልበርጂያ የምትባል አንዲት ብሮሚሊያድ ነበረቻት፤ ከራሷ ቤት ጠፋች። ከስድስት ዓመት በፊት ከሰጠቻቸው ሰዎች ሁለቱ ቤት ተገኘች። አሁን እንደገና በሯ ላይ ናት።

ልጆቹን ከእናታቸው መቼና እንዴት ነው የሚለዩት?

ልጅቱ የእናቷን ሲሶ ወይም እኩሌታ ስታክል። ከዚያ በፊት ከተቆረጠች ትቀጭጫለች። በስለታም የአትክልት መቀስ ከእናቲቱ ግንድ ጥግ ድረስ ተጠግታችሁ ቁረጡ። ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ተዉት። ከዚያ መትከያው ላይ አስቀምጧት እንጂ አትቅበሯት። እንዳትወላገድ በሁለት እንጨት ደግፏት። ሥር እስክታወጣ ትነቃነቃለች፤ የሰው እጅ ደግሞ መነካካት ይወዳል። ተዉአት።

ክበቡ በዓመት አንድ ስብሰባውን ለዚሁ ይሰጣል። ወለሉ ላይ ላስቲክ ይነጠፋል፣ ሽርጥ ይታጠቃል፣ ሁሉም እጁን ያቆሽሻል። ቲላንድሲያዎቹ ደግሞ አፈር ስለማይፈልጉ እንጨት ላይ በዓሣ ማጥመጃ ክር ይታሰራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የመዳብ ሽቦ አትጠቀሙ። መዳብ ለብሮሚሊያድ መርዝ ነው። እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታሸ የግንባታ ጣውላም ብዙ ጊዜ መዳብ አለበት። እኔ ይህን የተማርኩት አራት ተክል ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ቶምቦላ አላችሁ የሚባለው እውነት ነው?

አለን። ትኬቱ አንድ ዶላር ነው። ጠረጴዛ ሙሉ ተክል ይደረደራል፣ ቁጥር ይወጣል፣ የደረሰው ሄዶ ይመርጣል። ከትኬቱ የሚገኘው ገንዘብ የአዳራሹን ኪራይና የተናጋሪውን ነዳጅ ይሸፍናል። ሰው የሚስቀው ዕድለኛው ከጠረጴዛው ራሱ ያመጣውን ተክል መልሶ ሲመርጥ ነው። በየወሩ አንድ እንደዚህ ያለ ሰው አይጠፋም።

ስለ ስም ካርድ ለምን እንዲህ ይካረራሉ?

አዲስ ሰው የሚገረመው በዚህ ነው። ካርድ የጠፋበት ተክል እዚህ ቤት አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ነው። ሰዎች እየዳቀሉ ያወጧቸው ዓይነቶች በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ዓለም አቀፉ ማኅበር መዝገብ ይዞላቸዋል። ብዙዎቹ እርስ በርስ በጣም ይመሳሰላሉ። ደግሞም የአንዱ ተክል መልክ እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል። ኔኦሬጌሊያ የምትባለው ብሮሚሊያድ ፀሐይ ላይ እንደ በርበሬ ትቀላለች፤ ጥላ ውስጥ ጎመን ትሆናለች። ስለዚህ ካርዱ ከጠፋ በፎቶ እያስተያዩ መገመት ዋጋ የለውም።

ብልሃቱ እርሳስ ነው። ማርከር የፍሎሪዳ ፀሐይ በአንድ ዓመት ያጠፋዋል፤ እርሳስ ግን ይኖራል። ካርዱንም የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው። ከተጣለ የመስኮት መጋረጃ፣ ከዚያ ከሚታጠፈው የላስቲክ ዓይነት፣ እየቆረጥን ነው የምንጠቀመው።

ውድድሩ ላይ ዳኞቹ የሚያዩት ምኑን ነው?

ዓውደ ርእዩ የክበቡ ፋሲካ ነው። ዳኞቹ በዓለም አቀፉ ማኅበር የሠለጠኑ ናቸው። የሚያዩት ተክሉ ዙሪያውን እኩል መዘርጋቱን፣ ቀለሙ ለዓይነቱ የሚገባ መሆኑን፣ ቅጠሉ ጠባሳና ቆሻሻ እንደሌለው ነው። ተክልን በጌጥ ማሰሮ ወይም በአበባ ድርደራ የሚያቀርቡ ደግሞ ለብቻቸው ይወዳደራሉ።

ባለፈው ዓመት ዋዜማው ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ወጥ ቤት ነበርኩ። ተክሏ ማጠቢያው ውስጥ፣ እኔ የጥርስ ብሩሽና የጆሮ ጥጥ ይዤ። ከታች የደረቀ ቅጠል ስታነሡ ዝም ብላችሁ ከጎተታችሁት ተክሉን ያናጋል። ከጫፉ ጀምራችሁ መሃል ለመሃል እስከ ሥሩ ሰንጥቁት፤ ከዚያ ግማሹን ወደ ቀኝ፣ ግማሹን ወደ ግራ ሳቡት። ቀጭ ብሎ ይወጣል። ጫፉ ብቻ የደረቀውን ደግሞ በመቀስ፣ የቅጠሉን ሹልነት ተከትላችሁ ከርክሙት። ማብለጫ ቅባት አትቀቡ፤ ዳኞቹ ወዲያው ያውቃሉ፣ ቅጠሉም ይታፈናል።

ይህን ሁሉ አድርጌ ሦስተኛ ወጣሁ። ዳኛዋ ሁለተኛው ቅጠል ሥር አንዲት ቀንድ አውጣ አግኝታ ነበር።

ሽያጩ ላይ እኔም መሸጥ እችላለሁ?

በአብዛኞቹ ክበቦች አባል ከሆናችሁ ትችላላችሁ። ክበቡ ከሽያጩ የተወሰነ ፐርሰንት ይቆርጣል። ነቀዝ፣ ጉንዳን ወይም ቅማል ያለበት ተክል ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ በር ላይ የሚፈትሹ አሉ። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ጧት ከመክፈቻው በፊት ተሰለፉ። ጥሩ ጥሩው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያልቃል።

መሃላቸው ውኃ ይይዛል ካልክ፣ ቢንቢ አያራቡም?

ያራባሉ። ይህን የሚክድ አብቃይ ካገኛችሁ አትመኑት። በ2016 ዚካ የሚባለው በቢንቢ የሚተላለፍ በሽታ ማያሚ ሲገባ ብሮሚሊያዶች ተወንጅለው ማያሚ ቢች ላይ ከሕዝብ አትክልት ቦታ ሳይቀር ተነቅለዋል። በእርግጥ ፍሎሪዳ ውስጥ ብሮሚሊያድ ላይ ብቻ መራባት የለመደች ሌላ የቢንቢ ዘር አለች፤ ዚካ የምታስተላልፈው ግን አሮጌ ጎማና ባልዲም ይበቃታል። ቢሆንም ጎረቤታችሁ ይህን ሁሉ እንዲሰማ አትጠብቁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በሳምንት ሁለቴ በጎማ ውኃ ስኒውን አጥቡት፤ አሮጌው ውኃ ከነትሉ ይፈስሳል። ብዙ ተክል ያለው ሰው ደግሞ ቢቲአይ የሚባለውን ይበትናል። ይህ የቢንቢ ትል የሚገድል ባክቴሪያ ነው፤ ተክሉንም ሰውንም አይነካም። ሙሉ ስሙ ውስጥ "እስራኤለንሲስ" የሚል ቃል አለ፤ በ1976 የተገኘው ኔጌቭ በረሃ፣ አንድ የቢንቢ መራቢያ ኩሬ ውስጥ ስለሆነ ነው። እስራኤል ላለችው እህቴ ይህን ስነግራት "እኛን ግን ያው ቢንቢ እየበላን ነው" አለችኝ።

ፍሎሪዳ ብርድ የለም፤ ለምን ተክል ታለብሳላችሁ?

አለ እንጂ! የ2022 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ የመጣው ውርጭ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ጉዝማኒያ የሚባሉት በተለይ አይችሉም፤ በማግስቱ ቅጠላቸው እንደ ተቀቀለ ጎመን ነው የሚሆነው። ሊያስገቡት የሚችሉትን ያስገባሉ፣ የቀረውን በአንሶላ ያለብሳሉ። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ብርዱን ያስተላልፋል፤ ጨርቅ ይሻላል። አንሶላ ሲያልቅብኝ ጋቢዬን አውጥቻለሁ። ጎረቤቴ ፎቶ አነሣኝ።

የእኔ ተክል ዓመታት ሆነው፣ አላብብ አለ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ብርሃኑን ተመልከቱ። ጥላ ውስጥ ካለች ቦታ ቀይሩላት። ማዳበሪያ የምታበዙም ከሆነ ተዉ፤ ቅጠሏ ይረዝማል እንጂ አበባ አታመጣም። ለአቅመ አበባ የደረሰች ከሆነች ደግሞ የፖም ብልሃት አለ። ስኒዋ ውስጥ ያለውን ውኃ ድፉት። ከአንድ የበሰለ ፖም ጋር ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ቋጥሩና ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አንድ ሳምንት ያህል አቆዩአት። ፖሙ ሲበስል ኢትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ተክሏን አብቢ የሚላት እሱ ነው። አበባው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አዞረስ ደሴቶች ላይ አናናስ በመስታወት ቤት የሚያበቅሉ ገበሬዎች ቤቱን በጭስ ያጥኑታል፤ አናናሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያብባል። ጭሱ ውስጥ ያው ጋዝ አለ። ታዲያ አትቸኩሉ። ያላደገች ተክል በግድ ብታብብ አበባዋም ልጆቿም ደካማ ናቸው። ካበበች ደግሞ ዕድሜዋ እያበቃ መሆኑን አትርሱ።

ስለ ነቀዙ የሚወራው ምንድን ነው?

የሜክሲኮ ብሮሚሊያድ ነቀዝ ነው። ከሜክሲኮ በመጣ ተክል ውስጥ ተደብቆ ገባና በ1989 ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ ተገኘ። ጥቁር ነው፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ መስመር አለው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ግን ትሉ ነው። የተክሉን ልብ ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ስታዩት ደህና ይመስላል። መሃሉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ሙሉ ልቡ እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ሥሩ ተቦርቡሮ፣ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተቀብቶ።

ጓሯችን ላይ ያለው ይተካል። ጫካው ነው የሚያሳዝነው። ፍሎሪዳ 16 ያህል የራሷ ብሮሚሊያዶች አሏት። ከእነሱ ትልቋ ቲላንድሲያ ዩትሪኩላታ ክፉኛ ተጎድታለች። ለማበብ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅባታል፤ በአብዛኛው ልጅም አታወጣም፣ በዘር ብቻ ነው የምትተካው። ነቀዙ ደግሞ የሚመርጠው ልታብብ የደረሰችውን ነው። ከሆንዱራስ የመጣች፣ ትሉን የምትገድል ዝንብ ከ2007 ጀምሮ ተለቅቃ ነበር፤ ነቀዙን ግን ማስቆም አልቻለችም። የፍሎሪዳ ክበቦች ለምርምሩ ገንዘብ አዋጥተዋል። አባላት ጫካ እየሄዱ የቀሩትን ይቆጥራሉ፤ ሊያብቡ የደረሱትን በወንፊት ሸፍነው ዘራቸውን ይሰበስባሉ።

ጫካ ውስጥ መሬት ላይ የወደቀውን ባነሣስ?

ጥያቄው ከየዋህነት የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ። አታንሡ። ነቀዙ ከሚበላቸው ውስጥ አንዳንዶቹ በፍሎሪዳ ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ከመንግሥት ፓርክ ደግሞ የወደቀም ቢሆን ተክል ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ከሕጉም በላይ፣ አንድ የወደቀ ተክል መኪናችሁ ውስጥ ስታስገቡ ነቀዙን ወደ ግቢያችሁ ጋበዛችሁ ማለት ነው።

ለቤተሰብ ስጦታ ወደ ኢትዮጵያ መውሰድ ይቻላል?

በሻንጣ ጠቅልሎ፣ አይሆንም። ተክል ድንበር የሚሻገረው የዕፅዋት ጤንነት የምስክር ወረቀት ሲኖረው ነው። የሚቀበለው አገር ፈቃድም ይጠየቃል። እንደ ቲላንድሲያ ዜሮግራፊካ ያሉት ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በስምምነት የተገደበ ስለሆነ ተጨማሪ ወረቀት አላቸው። ለአንድ ተክል ብሎ ይህን ሁሉ የሚሮጥ ሰው አላየሁም። ነቀዙ ፍሎሪዳ እንዴት እንደገባ ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት አይከብድም። ስለ እናቴ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ እሷ የአናናስ አናት ቆርጣ ተክላለች፤ ከእኔ የተሻለ ይዞላታል።

አባል ሲሞት ተክሎቹ ምን ይሆናሉ?

የእናቴ ጥያቄ ይኸው ነው። አንቀብርም። ግን የሞተችዋን ተክሌን ያሸተቱት አዛውንት አምና ሲያርፉ ልጃቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ። ከ400 በላይ ማሰሮ ነበር። የትኛው ውድ እንደሆነ፣ የትኛው አረም እንደሆነ አያውቅም። ቤቱ መሸጥ አለበት። ሰብሳቢያችን ጋ ደወለ።

ቅዳሜ ጧት 12 ሆነን ሄድን፤ ሁለት ፒክአፕና የሙዝ ካርቶን ይዘን። ቀኑን ሙሉ ስንለይ ዋልን። መካኒኩ አንዱንም ካርድ እንዳይጠፋ እየዞረ ይቆጣጠር ነበር። ምርጦቹ ጨረታ ላይ ቀርበው ገንዘቡ ለልጃቸው ተሰጠ። የቀሩትን ክበቡ ተከፋፈለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛ የእሳቸው ተክሎች ብቻ ነበር፤ ማንም ተነሥቶ ብዙ አላወራም።

እኔ አንዲት ኔኦሬጌሊያ ደረሰችኝ። ካርዷ ላይ ያለው ጽሑፍ የእሳቸው ነው፣ በእርሳስ። ባለፈው ወር ሁለት ልጅ አወጣች። አንዷን ለኩባዋ እናት ቃል ገብቻለሁ፤ ሌላዋ እስካሁን ባለቤት የላትም።